ሦስተኛው አጀንዳ

ሐምሌ ነው፣ ቢቸና፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ
ከአፈ ጉባኤው ድምፅ አስበልጦ ሲያነብ፣
ዋልካ የተሸከመ ጫማ ሁሉ ከብዶ፣
ከአዳራሹ ወለል ግማሽ እርሻ ወርዶ፣
እኔ ከጥግ ወንበር፣ መዝገቤን ዘርግቼ፣
ሰው ያለውን ጽፌ፣ ያላለውን ትቼ።

«አጀንዳ ሦስት» አሉ፤ አዳራሹ ከረረ፤
የዳኛ ሹመት ነው፤ ዕጩው ይርሳው ባየ ነበረ።
ፍርድ ያውቃል? ብሎ የጠየቀ የለም፣
ጉቦ ይበላል? ብሎም የጠረጠረ የለም፤
ሙግቱ በእጅ ነው፣ በሚወጣው ጣት፤
አንድ ሰው ዳኛ የሚሆነው ስንት እጅ ሲነሣለት?

በግራ ፋኖሶች፣ በቀኝ ማጭዶች፤
በምርጫ ምልክት ነው፣ እንዲህ ነው የእኛ ስሞች፤
ፋኖስ ያበራ የለም፣ ማጭድም የጨበጠ፣
ሁሉም ወንበር ይዞ፣ ሁሉም ተቀመጠ።

ፋኖሱ ፈንታሁን ኮቱን ቆልፎ ቆመ፦
«ግማሽ ሲደመር አንድ! ሕዝብ መርጦን፣ ማን ሊያግደን?» እያለ አዘመ።
ማጭዱ አገኘሁ ጠረጴዛ መትቶ፦
«ሁለት ሦስተኛ ነው! አንቀጽ አሥራ ሰባት ማን ሊያልፈው ረግጦ?»

የካቻምናን መዝገብ ከሥር አወጣሁት፣
አቧራውን እፍ ብዬ፣ ገጹን ገለጥሁት፤
በራሴ እጅ ጽሕፈት፣ በራሴው ቀለም፣
ቃሉ ያው ቃል ነው፣ ነጥብ አልጎደለም፤
ብቻ ያኔ «ሁለት ሦስተኛ» ባዩ ፈንታሁን ነበረ፣
«ግማሽ ሲደመር አንድ» ብሎም አገኘሁ የፎከረ።
ስም ብቻ ባዛውር፣ ቀን ብቻ ብሰርዝ፣
ይበቃኝ ነበረ፣ ያለ አንዲት ድልዝ።

ድምፅ ሊሰጥ ሲል ነው ማጭዶች የተነሡት፣
ምልዓተ ጉባኤውን በእግራቸው ሊያፈርሱት፤
አንዱ «ሽንት ቤት» አለ፣ አንዱ «በቅሎዬ ተፈታች»፣
አንዷ የአጎቷን ልጅ ሦስተኛ ጊዜ ቀበረች።
ዘበኛው ጓንጉል ታዘዘ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር
ጃንጥላ ዘቅዝቆ የሸሸውን ሊቆጥር።
አቶ እንግዳ ብቻ፣ እንቅልፍ የጣላቸው፣
ከማጭዶች ወንበር ቀሩ፣ ክፍት ሆኖ አፋቸው።
«ያንቀላፋ አባል፣ ተገኝቷል ይባላል?»
«ቢያንኮራፋማ፣ ድምፁን ሰጥቷል ይባላል!»
ደንቡ ተገለጠ፤ ስለ ማንኮራፋት አንቀጽ አልተገኘም።
ምሳ ሰዓት ደረሰ። ነገሩ አልተቋጨም።

ስወጣ፣ ከፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ከተቆለፈው በር፣
አንጓች ተቀምጣለች፣ ከጆንያዋ ሥር።
አሮጌው ዳኛ ጡረታ ከወጡ ወዲህ
ዝገት ነው የሚያስችለው፣ በዚህ ቁልፍ፣ በዚህ።
ጎረቤቷ በያመቱ አንዳንድ ትልም ይገፋል፤
በሬው ሲዞር፣ ድንበሩም አብሮ ይዞራል፤
ባሏ የተከለው የወሰን ድንጋይ ተነቅሎ
ጉልቻ ሆኗል አሉ፣ የሰውየውን ድስት አዝሎ።

«ምን ተባለ?» አለችኝ።
«ገና ነው። ሁለት ሦስተኛ
ካልሞላ አይሆንም አሉ፤ አይሾምም ዳኛ።»
ቀና ብላ አየችኝ፣ ጆንያዋን ገለጥ አርጋ፤
«ሁለት ሦስተኛ? የማሳዬን ነው?» አለች፣ ድምጿን ዝግ አድርጋ፤
«እሱንስ ከመለሱልኝ፣ ሲሶውን ምሬዋለሁ፤
ይብላው በሰላም። ፈርሜ፣ ዛሬውኑ እገባለሁ።»

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣
ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ትላለች አገሬ፤
አፌ ላይ ደረሰና ተመለሰ፣ አፍሬ።

ከሰዓት ዝናቡ አባራ። ጓንጉል ቆጥሮ «አንድ ጎደለ» አለ፤
አፈ ጉባኤው ሰዓቱን አየ፤ «ለመስከረም ይደር» ተባለ።
እስከዚያ ጤፍ ይበቅላል
በተገፋው ትልም ላይ፣
አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣
የማን እንደሆነ ሳያውቅ።

መዝገቡን ከመዝጋቴ በፊት፣ ከኅዳጉ፣ በእርሳስ፣
«አንጓች፦ የማሳዬን ነው?» ብዬ ጻፍሁ፤ ፊደሉን አነስ፣ አነስ።
ያለ ፈቃድ የተናገረች ማን ናት? ይሉኛል፣ አውቃለሁ።
ላጲስ ኪሴ ውስጥ አለ።
እስካሁን አላወጣሁትም።